ውዳሴ ሚዛን

እንጦጦ አፋፍ ላይ ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች አሉ። አንድ መስከረም፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ የወንድሜን ልጆች ይዤ ወጣሁና ለራሴም አንድ ዙር ልጋልብ አሰብሁ። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ቀጥሎ ፈረሷን አየ። ከዚያም በፍጹም ትሕትና፣ «ጋሼ፣ እሷ እርጉዝ ናት» አለኝ። ጥቂት ራመድ ብዬ ዞር ስል፣ አንዲት ቀጭን ወጣት በዚያችው ነፍሰ ጡር ላይ ተፈናጥጣ ሽምጥ ትጋልባለች። አልተቀየምሁም። ቁልቁል ስወርድ መንገዱን ሁሉ ያሰላሰልሁት የልጁን ብልህነት ነበር። ሚዛን የለው፣ መዝገብ የለው፤ ዘጠና አራት ኪሎዬን በዓይኑ ለክቶ፣ ለእንስሳዋ አዝኖ፣ ሰውየውንም ሳያሳፍር ፍርድ ሰጠ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ለዚሁ ሥራ ሹም ተሹሞ፣ ለሹሙም ጠረጴዛና መዝገብ ተሰጥቶት፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደክምበት ኖሯል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሹምና ለሚዛኑ የቆመ ጥብቅና ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ ጋላቢዎች፣ ጆኪ የሚባሉት፣ በክብደት ሕግ ተጎዱ፣ ተራቡ፣ ደረቁ የሚል ሙሾ በየአገሩ ይሰማል። ሐኪሞች ይጽፋሉ፤ ፊልም ይሠራል፤ አዛኞችም «ሁለት ሦስት ኪሎ ቢጨመርላቸው ምናለበት?» ይላሉ። ሥርዐት የሚባል ነገር ሲፈርስ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ መፍረስ የሚጀምረው «ምናለበት» ከተባለ በኋላ ነው።

ሕጉን እንመልከት። ከ1875 ጀምሮ በየዓመቱ በሉዊቪል ከተማ በሚካሄደው የኬንታኪ ደርቢ የሦስት ዓመት ወንድ ፈረስ 57 ኪሎ ይሸከማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ57ቱ ኪሎ ውስጥ ጋላቢው አለ፣ ልብሱ አለ፣ ጫማው አለ፣ ኮርቻው አለ። ኮርቻው ከአንድ ኪሎ ሊያንስ ይችላል፤ የኛ ጋቢ ይከብደዋል። በተራ ቀን ውድድሮች ደግሞ የሚጠየቀው ከዚህም ያነሰ ነው። ጋላቢው ከውድድሩ በፊት ኮርቻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከውድድሩም በኋላ፣ ፊቱ በጭቃ እንደተለሰነ፣ ኮርቻውን ታቅፎ እንደገና ይወጣል። ሲገባም ሲወጣም ይመዘናል ማለት ነው። ይህ ሥርዐት ለሌሎች የኃላፊነት ቦታዎችም ቢዳረስ ምን ያህል በጠቀመን ነበር እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግን ከጉዳዬ አልውጣ።

የሕጉ መሠረት ርኅራኄ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ደረቱ እንደ በር ሰፊ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትሩን በሁለት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለውን ፍጡር 57 ኪሎ ማሸከም ተገቢ ነው፤ 60 ማሸከም ግን ግፍ ነው። ግፉ ከየትኛው ግራም ላይ እንደሚጀምር እኔና እናንተ አናውቅም፤ ሚዛኑ ግን ያውቃል።

ፈረሱ ራሱ ስንት ኪሎ መሆን አለበት የሚል ሕግ አለመኖሩን አንዳንዶች እንደ ጉድለት ያነሡታል። ለእኔ ይህ ጨዋነት ነው፤ እንግዳን ስንት ጉርሻ ጎረስህ ብሎ የሚቆጥር የለም። ፈረሱ በቀን አሥር ኪሎ ያህል መኖ ይበላል። ውኃ ሲያሰኘው አንገቱን ባልዲ ውስጥ ይከትና አሥር ሊትሩን አንጀቱ እስኪርስ ይስበዋል፤ አሥር ሊትር አሥር ኪሎ ነው። ጋላቢው ከፈረሱ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንዲት የበረዶ ቁራጭ እየላሰ የሚጠጣውን ያያል። ከዚያ የጠጣውና የተጠማው ተገናኝተው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ለፈረሱ ሲባል ከሰውየው የተቀነሰው ሁለት ኪሎ ፈረሱ ከጠጣው አሥር ኪሎ ጋር ተቻችሎ ይሮጣል። እንዲህ ያለ መቻቻል በየትኛው ስፖርት ይገኛል?

ስለ እርሳስም መናገር ይገባኛል፤ የሚጽፈውን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። ጋላቢው ከታዘዘው ክብደት አንሶ ከመጣ ጉድለቱ በእርሳስ ይሞላል። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ኪስ አለው፤ ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎች እየተመዘኑ በዚያ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ሰንብቶ ከተፈለገው በላይ ሁለት ኪሎ ቢቀንስ፣ ሁለት ኪሎ እርሳስ ይሰጠዋል። ፈረሱ የሚሸከመው ያው የታዘዘለትን ነው። ታዲያ ሰውየው ለምን ይራባል ብሎ የጠየቀኝ ወዳጄ አለ። እኔም መለስሁለት፦ 54 ኪሎ ለታዘዘለት ፈረስ 54 ኪሎ ሰው ከመጫን 50 ኪሎ ሰውና 4 ኪሎ እርሳስ መጫን ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰው ሆዱ ውስጥ ምሳ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ ግን ሆድ የለውም። ወዳጄ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ መረታት ቆጠርሁት።

እኛ የጾም ሕዝብ ነን፤ ይህን ሙያ ከማንም በላይ ማክበር የሚገባን እኛ ነን። ነገር ግን በሐቅ እንነጋገር። እኛ የሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን በሽሮና በሱፍ ፍትፍት ገፍተን፣ ፋሲካ ዶሮ ሲጮኽ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ጋላቢ ፋሲካ የለውም። ጾሙ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ይጀምርና ጡረታ ሲወጣ ይገደፋል፤ ያውም ሆዱ እህል መያዝ ካልረሳ።

ሌስተር ፒጎትን እናንሣ። ይህ እንግሊዛዊ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ነበር፤ በጋላቢዎች መንደር ይህ የቀጭኔ ቁመት ነውና «ረጅሙ» ይሉት ነበር። ሰውነቱን ተፈጥሮ ለሰጠው ልክ ቢተወው ከሥራ ክብደቱ ከአሥር ኪሎ በላይ በጨመረ ነበር። እሱ ግን አልተወውም። ቀለቡ ቡናና ሲጋር ነበር ሲባል ይነገርለታል፤ በዚህ ቀለብ የኤፕሶምን ደርቢ ዘጠኝ ጊዜ አሸነፈ፤ የመጀመሪያውን በ1954፣ በ18 ዓመቱ። አንድ ነገር ከልማድ ሲዋሐድ ደግሞ በየቦታው ይገለጣል፤ ፒጎት ግብሩንም መቀነስ ጀመረና በ1987 ተፈርዶበት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ታሰረ። የግብር ሰብሳቢው ሚዛን ከፈረስ ሜዳው ሚዛን በተቃራኒ እንደሚሠራ ማን በነገረው።

ከፒጎት ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የፓናማው ተወላጅ ላፊት ፒንካይ ነው። 9,530 ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሆነውን አብረውት የነበሩ ሰዎች ሲተርኩት ኖረዋል። አስተናጋጇ ለሁሉም ኦቾሎኒ አደለች። ፒንካይ ከማሸጊያው አንዲት ፍሬ አወጣ። አንዲት። ለሁለት ከፈላት። ግማሿን አፉ ውስጥ አድርጎ ቀስ ብሎ አኘከ፤ ሌላዋን ግማሽ አስቀመጠ። ጉዞው ረጅም ነበር፤ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ፒንካይ ያቺን የተቀመጠች ግማሽ አነሣና በላት። ምሳው ይህ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሥጋውንም ዳቦውንም ኬኩንም ጨርሰው ምን እንደበሉ ዛሬ ያስታውሳሉ? የፒንካይ ግማሽ ኦቾሎኒ ግን እነሆ በታሪክ ተጻፈች። ለአንዲት ፍሬ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሰው ከመካከላችን አለ? እኔ ራሴ ይህችን አንቀጽ ስጽፍ አንድ ሳሕን ቆሎ ከነኦቾሎኒው ጨርሻለሁ፤ የትኛዋ ፍሬ የትኛዋ እንደነበረች አላውቅም።

ጾም ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃምና የሙያው አበው ሌሎች መንገዶችንም ቀይሰዋል። ከአሜሪካ ድንበር ማዶ፣ በሜክሲኮዋ ቲዋና፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የተቆለለ የፋንድያ ተራራ ከጋጣዎቹ ጀርባ ነበር። ፋንድያ ሲብላላ ከውስጡ ይግላል። ጋላቢዎቹ ጉድጓድ ይምሱና እስከ አንገታቸው ይቀበሩበት ነበር፤ ከላይ ጭንቅላታቸው ብቻ እንደ ጎመን በቅሎ ይታያል፤ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ይህን የሚጸየፍ ሰው ነገሩን በደንብ አላጤነም። ፈረሱ የበላው ጋላቢውን ያከሳል። በልቶ ሌላውን የሚያከሳ እንስሳ ሌላ አላውቅም፤ በሰው ዘንድ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ደግሞስ ዛሬ ባለጸጎች ለጭቃ እሽት ስንት ሺህ ብር እንደሚከፍሉ ለሚያውቅ ሰው፣ ነጻ ፋንድያ መናቅ ያስኬዳል?

አንዳንዶቹ የኮሶ ትል እንቁላል እያወቁ ይውጡ እንደነበርም ይነገራል። እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ ትንሽ እፍረት ይሰማኛል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ፊታቸውን አጨፍግገው ኮሶ እየጠጡ ያባረሩት ትል፣ ለካ ጥሬ ሀብት ነበር። ጮማ በልቶ ያለ ድካም የሚከሳ ሕዝብ ነበርን፤ የያዝነውን ሳናውቅ በምሬት አሽቀነጠርነው።

በአሜሪካ ሜዳዎች ደግሞ «ትኩሱ ሣጥን» አለ፤ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትና የሚቀልጥበት ክፍል። ራንዲ ሮሜሮ የተባለ የሉዊዚያና ጋላቢ በ1983 በኦክላውን ፓርክ ላቡ ቶሎ እንዲወርድ ገላውን በሚቀጣጠል ነገር ታሽቶ ገባ። አምፖል ነካው፤ አምፖሉ ፈነዳ፤ እሳቱ ከሰውነቱ ከግማሽ በላይ አቃጠለው። ወጣ፣ ታከመ፣ ተመልሶ ጋለበ። በ1988 ፐርሰናል ኤንሳይን የምትባለውን ፈረስ ለአሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ድሏ ያበቃት እሱ ነው፤ ፈረሷ በሕይወቷ አንድም ጊዜ ሳትሸነፍ ጡረታ ወጣች። የሮሜሮ ኩላሊቶች እንደ ፈረሷ ሳይሸነፉ አልቀሩም፤ እነሱም ጡረታ ወጡ። ነገር ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ ኩላሊት ሥራው ውኃ ማጣራት ነው፤ ውኃ በሌለበት ሠራተኛ መቀነስ የማንኛውም ጤናማ ድርጅት አሠራር ነው።

ስለ ድርጅት ካነሣን አሠሪዎቹ ለሠራተኛው አላሰቡም የሚለው ክስ ያሳዝነኛል። በብዙ የአሜሪካ ሜዳዎች የጋላቢዎች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከተራው መጸዳጃ ሌላ፣ የበሉትን ለመመለስ ብቻ የተሠራ ለየት ያለ የሸክላ ገንዳ ነበር። ድርጊቱን «መገልበጥ» ይሉታል። አፈ ሰፊ፣ ለመንበርከክ የሚመች፣ ቶሎ የማይደፈን ገንዳ። ስንት መሥሪያ ቤት ነው ለተራው መጸዳጃ እንኳ ውኃ የሌለው! እነዚህ ግን ሠራተኛው ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድመው አስበው፣ ባለሙያ አሠርተው፣ ቧንቧ ዘርግተውለታል። የጨጓራው አሲድ ጥርስን ይበላል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ጥርስ ግን የሚያስፈልገው ለሚበላ ሰው ነው። አጥንታቸው ይሳሳል ይባላል፤ ይህም እውነት ነው፤ የሳሳ አጥንት ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፈረሱ ከውድድር በፊት ሽንት የሚያወርድ መድኃኒት ሲወጋ፣ ጋላቢውም የዚያኑ ዘር ክኒን ይውጥ ነበር፤ ፈረሱ በሐኪም ትእዛዝ፣ ሰውየው በራሱ ፈቃድ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ነጻ ነው።

ተቺዎች መቼም ፍሬድ አርቸርን ሳያነሡ አይቀሩም። አርቸር የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ዝነኛ ጋላቢ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ አንደኛ ሆነ፤ 2,748 ውድድር አሸነፈ። ረጅም ሰው ነበርና ሐኪሙ የቀመመለትን የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንደ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ መድኃኒቱ በስሙ «የአርቸር ቅይጥ» እስኪባል ድረስ። በ1886 መኸር ሴንት ሚሪን በተባለ ፈረስ ለመሮጥ ቀናት ጾመ፤ አድርቆ አድርቆ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከታዘዘው ግማሽ ኪሎ ያህል በልጦ ተገኘ። በአንድ ራስ ተሸነፈ፤ በሰው ራስ ሳይሆን በፈረስ ራስ። ብዙ ሳይቆይ ብርቱ ትኩሳት ያዘው፤ ኖቬምበር 8 ቀን፣ በ29 ዓመቱ፣ በትኩሳቱ ላይ ሳለ በገዛ እጁ ሞተ። ይኸው፣ አብዝቶ ጾሞ ጠፋ ይላሉ። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። መዝገቡ የሚለው ግማሽ ኪሎ መብለጡን ነው። በሚዛን ፊት አርቸር የሞተው በልክ ማጣት ነው፤ ከልኩ በላይ ሆኖ። የሙያው ትምህርት ቤቶች ይህን ምሳሌ ለምን ለጀማሪዎች እንደማይጠቅሱት አይገባኝም።

ስለ ሥራው ሰዓት ብዙ የሚባል የለም። ጋላቢ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ የማለዳ ልምምድ ፈረሶችን ያሯሩጣል፤ ለዚህ ብዙውን ጊዜ አይከፈለውም፤ የሚከፈለው ተስፋ ነው። ከሰዓት በኋላ ይወዳደራል፤ በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በመካከል ሚዛን፣ ከዚያ ትኩሱ ሣጥን፣ ደግሞ ሚዛን። ማታ መኪናውን ይነዳል፤ ነገ ሌላ ከተማ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን እንቅልፉ ስለሚያንስ ርሃቡን በሕልም እንኳ አያየውም።

የሥራ ጥበቃውን ግን ልብ በሉ። ፈረሶቹ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጋልቡ ከኋላቸው አምቡላንስ ይከተላል። በእያንዳንዱ ውድድር፣ በእያንዳንዱ ዙር። እስቲ ከእኛ መካከል ወደ ሥራ ሲሄድ አምቡላንስ የሚያጅበው ማን ነው? እኛ ታምመን አምቡላንስ ጠርተን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ተጠጥቶ፣ በረካ ላይ ስንደርስ በላዳ እንሄዳለን። ለጋላቢ አምቡላንሱ ገና ሳይወድቅ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀዋል። አሠሪው ምን ያህል እርግጠኛ ቢሆን ነው!

ክፍያውም የሙያውን መንፈስ የጠበቀ ነው። በአሜሪካ ልማድ ያሸነፈ ጋላቢ ፈረሱ ካገኘው ሽልማት አሥር በመቶ ይወስዳል፤ ከዚያ ላይ ወኪሉ ሩቡን ያህል ያነሣል፤ ልብሱንና ኮርቻውን የሚያሰናዳለትም ድርሻ አለው። ከዚያ ግብር። ሌላው ሰውነት ሲከሳ ኪስ ሊወፍር ይችላል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ በሚዛን ላይ የገንዘብ ቦርሳ ይዞ መውጣት ችግር የሚሆንበት ጋላቢ ጥቂት ነው። ያላሸነፈ፣ ሁለተኛ ሦስተኛም ያልወጣ፣ ለድካሙ የምትሰጠውን አነስተኛ ክፍያ ይዞ ይሄዳል።

ሽልማት ለፈረሱ፣ ስምም ለፈረሱ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አጤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ያልን ሕዝብ ነን። በ1973 ሴክሬታሪያት የተባለው ቀይ ፈረስ ቤልሞንት ፓርክ ላይ ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ጥሎት ሲገባ ላዩ ላይ ሰው ነበር። ሮን ቱርኮት ይባላል፤ በእኛ አገር ተወልዶ ቢሆን አባ ሴክሬታሪያት ተብሎ ይፎከርለት ነበር። ፈረሱ በስድስት ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ወደ ኬንታኪ መስክ ወርዶ፣ ሣር እየጋጠ፣ ባዝራ ፈረስ እየቀረበለት ኖረ። በ1989 ሲሞት ሙሉ አካሉ ተቀበረ፤ በእነሱ ባህል ለፈረስ ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀበረው ራስ፣ ልብና ሰኮና ብቻ ነውና። ቱርኮት በ1978 እዚያው ቤልሞንት ከሌላ ፈረስ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው፤ ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። አደረሰው።

የመቅለል ጥበብ በአንድ ሰው አካል ላይ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በአንድ ወገን ሕዝብ ላይም ተሞክሮ ሠርቷል። በመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈውም ኦሊቨር ልዊስ ከእነሱ አንዱ ነው። አይዛክ መርፊ የሚባለው ደርቢውን ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ ሥጋውን ሲቀንስ ኖሮ በ1896 በሳንባ ምች ሞተ፤ ሠላሳዎቹን ገና ማጋመሱ ነበር። ከዚያ ሙያው ገንዘብና ዝና እያገኘ ሲሄድ የጥቁሮቹ ቁጥር እየቀለለ ሄደ፤ ከ1921 በኋላ እስከ 2000 ድረስ በደርቢው ላይ አንድም አልታየም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት። ያለ ፋንድያ፣ ያለ ትኩስ ሣጥን ከ13 ወደ ዜሮ መውረድ እንዴት እንደተቻለ የሜዳው ባለቤቶች ምስጢሩን በትሕትና ሸሽገውታል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግመል እሽቅድምድም የሆነውን ግን አልደግፍም። በዚያ በመጀመሪያ ቀላል ሰው ሲፈልጉ ሕፃናትን አገኙ፤ ዓለም ጮኸባቸው፤ ከ2005 ገደማ ጀምሮ በግመሉ ጀርባ ላይ ትንሽ ሮቦት አሰሩ። ሮቦቷ ጥቂት ኪሎ ናት፤ ጅራፍ አላት፤ ባለቤቱ በመኪና ጎን ለጎን እየነዳ በሪሞት ያዝዛታል። ክብደቱ ተገኝቷል፤ ነገር ግን የት አለ ተጋድሎው? ሮቦት ኦቾሎኒ ቢሰጡት ግማሹን አያስቀምጥም። የማይራብ ፍጡር በመቅለሉ ምን ይመሰገናል?

ከዚህ ሁሉ የከፋው የእንግሊዞቹ መላላት ነው። በ2021 በፈረስ ሜዳዎቻቸው የነበሩትን ሳውናዎች ለዘለቄታው ዘጉ። ዝቅተኛውንም ክብደት ከፍ ማድረግ ጀምረዋል። ምክንያታቸው የጋላቢዎች ጤና ነው። ሰው ጤናማ ሆኖ መጋለብ ከቻለ ደግሞ ነገ ማንም ተነሥቶ መጋለብ እችላለሁ ይላል። እኔም ልል ነው።

ስለዚህ ተቃዋሚዎቼን አንድ ሰው ብቻ ላስታውሳቸው። ፍራንክ ሄይስ ይባላል። ጁን 4 ቀን 1923፣ ኒው ዮርክ፣ ቤልሞንት ፓርክ፣ መሰናክል የሚዘለልበት ውድድር። ሄይስ የጋጣ ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊት አሸንፎ አያውቅም። ፈረሷ ስዊት ኪስ ትባላለች፤ ያሸንፋሉ ብሎ የገመተ ጥቂት ነው፤ ውርርዱ ሃያ ለአንድ ነበር። ለዚያ ቀን ሲል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ64 ኪሎ ወደ 59 ኪሎ ወረደ ይባላል። ውድድሩ ተጀመረ፤ መሰናክሎቹ ተዘለሉ፤ በመካከል አንድ ቦታ ላይ የሄይስ ልብ ቆመች። እሱ ግን አልወደቀም። ኮርቻው ላይ እንዳለ ፈረሷ ቀሪውን ሮጠች፤ በአንድ ራስ ቀድማ ገባች። የፈረሷ ባለቤት እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ስትቀርብ ነው የታወቀው።

ሞቶ ያሸነፈ ጋላቢ ሌላ አይታወቅም። ሳያጉረመርም፣ ሳይጠማ፣ ወኪል ሳይልክ፣ ፍላጎቱ ሁሉ ከላዩ ላይ ወርዶለት ገባ። ዳኞቹም ድሉን አጸደቁለት። አንድ ስሕተት ብቻ ሠሩ፤ እኔም መቶ ዓመት ዘግይቼ የምወቅሳቸው በዚህ ነው። አዘኑና፣ ከውድድር በኋላ የሚደረገውን ምዘና ለዚያ ቀን ተዉለት። ሲነሣ ተመዝኗል፤ ነፍሱ ያኔ አብራው ነበረች። ሲመለስም ኮርቻውን አስታቅፈው ሚዛኑ ላይ ደግፈው ቢያቆሙት ኖሮ ነፍስ ስንት ግራም እንደምትመዝን በአንድ ቅናሽ ይታወቅ ነበር። ጉድለቱም ቢሆን የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ በእርሳስ ይሞላ ነበር።